እግረ ደረቋ ዘበኛ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እናቷ አርፈውባት ልቅሶ ለመድረስ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሄጄ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ከአንዱ በር ስር የሚቆላ ተልባ ሽታ ወጣና ደረጃው ላይ አስቆመኝ። ከኋላዬ ጄሪካን ይዞ የሚወጣ ጎረምሳ «ደከመሽ እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ ተልባ ነው» አልኩት። ምን ይበለኝ? ጄሪካኑን ወደ ሌላ እጁ አዛወረና አልፎኝ ወጣ። ልቅሶ ቤት ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላም የማስበው የሟቿን ነገር ሳይሆን እትዬ አስካለን ነበር፤ ባልደረባዬ ይቅር ትበለኝ።

እነዚህ ሕንፃዎች ከመቆማቸው በፊት እዚህ ቦታ ላይ የእኛ ሰፈር ነበር። የጭቃ ቤቶች፣ የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ የጋራ ቧንቧ፤ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል ደግሞ ቀኑን ሙሉ የብረት ቀጥቃጮች መዶሻ ይሰማል። የእትዬ አስካለ ቤት ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው። ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ባልም ልጅም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው በመንደሩ ብቸኛው የቤት ስልክ ነው። ስለዚህ ከባልና ከልጅ በላይ ሰው ይመላለስባቸው ነበር።

የማወራችሁ ስለ አንድ ሁዳዴ ነው። ስሜ እመቤት ነው፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፣ እናቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ እኔ ደግሞ እግረ ደረቅ ነኝ።

እግረ እርጥብ ሰው ቤት ሲገባ እንግዳ ይከተለዋል፣ ዝናብ ይከተለዋል፣ ሲሳይ ይከተለዋል። እግረ ደረቅ የገባበት ቤት ግን ያለውም ይወጣል። ይህን ማዕረግ የሰጠችኝ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ጥሩወርቅ ናት። ክፉ ሴት አልነበረችም። በየዓመቱ የትምህርት ቤት ጫማ የምትገዛልኝ እሷ ነበረች። ክፉ ብትሆን ኖሮ መቼ አምናት ነበር!

ማስረጃዋም ቀላል አልነበረም። እኔ በተወለድኩበት ሳምንት አባቴ ከሥራ ተባረረ። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ሦስተኛው ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ሮጬ መጣሁና ማንም ሳይቀድመኝ እሷ ወደተኛችበት ጓዳ ገባሁ። በዚያው ቀን ሕፃኑ ጡት አልይዝ አለ፣ በማግስቱ ሞተ። ለቀስተኛው ሲበተን አክስቴ ለአንዲት ጎረቤት ስታወራ ከአጥሩ ጀርባ ሰማኋት። «ልጅቷ እግረ ደረቅ ናት። ስትወለድ ወንድሜን ከሥራ አስወጣችው፣ አሁን ደግሞ ይኸው።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አክስቴ በነጋታው ረስታው ይሆናል፣ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ጠንቃቃ ሰው ሆንኩ። የታቀፈች ዶሮ ያለችበት ቤት አልገባም። እንቁጣጣሽ ጠዋት ሌሎች ልጆች አበባዬሆሽ እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ እኔ ሆዴን አመመኝ እላለሁ። ክፍል ውስጥ አስተማሪው «ማን ይጀምርልን?» ሲል እጄን አላወጣም፤ እኔ የጀመርኩት ነገር መጨረሻው አያምርም ብዬ። በዚህ ሁሉ አዝን ነበር ማለት አልችልም። አንዱ ቁመቱ አጭር ይሆናል፣ አንዱ ዓይኑ አያይም፣ የእኔ ደግሞ እግር ነው።

የዚያ ዓመት ግን ነገሩ ከበደኝ። እናቴ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ትሠራ ነበር፤ ሆዷ ሲገፋ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። ለፋሲካ ሰሞን ትወልዳለች ተባለ። አባቴ በኋላ ያገኘው ሥራ የከባድ መኪና ሹፌርነት ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እኔ ለብቻዬ መክሬ ወሰንኩ። እናቴ ያለችበት ጓዳ አልገባም፣ አልነካትም። ምሳዬን በሩ ላይ ተቀብዬ ደጅ እበላለሁ። ማታ ደግሞ «እትዬ አስካለን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ውሃ ላቀብላቸው» ብዬ እሳቸው ቤት ማደር ጀመርኩ። እናቴ «እሺ» አለችኝ።

ሥራ ያገኘሁት የሁዳዴ የመጀመሪያው ሰኞ ነው። እትዬ አስካለ ጉልበታቸው ስግደት አልችል ብሎ በጣም አዝነው ነበር። ያልሰገድኩበት ጾም ምን ጾም ነው፣ ምሳ ማዘግየት እንጂ ይሉ ነበር። የንስሐ አባታቸው ግን በስግደቱ ፈንታ ጽሞና ሰጧቸው። በየቀኑ ከስምንት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይሠሩ፣ ምንም ሳያወሩ፣ በእግዚአብሔር ፊት ዝም ብለው እንዲቀመጡ። እትዬ መጀመሪያ የተሰደቡ መስሏቸው ነበር።

«አባ፣ ጉልበቴ ነው እንጂ እጄ እኮ ደህና ነው፣ ሥራ ይስጡኝ ብላቸው፣ 'ማረፍም ጾም ነው አስካለ፣ አንቺ የምትጾሚው ግርግሩን ነው' አሉኝ» ብለው ለእናቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ግርግሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጾም አልነበረም። አንዱ ለመደወል ይመጣል፣ አንዷ «ከአረብ አገር ልጄ ልትደውል ነው» ብላ ትቀመጣለች። እናም እትዬ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን የስልኩን ገመድ ይነቅላሉ፣ ስልኩን በትራስ ይሸፍኑታል፣ እኔን ደግሞ ደጃፉ ላይ ዱካ ሰጥተው ያስቀምጡኛል። «የመጣ ሰው ካለ ጽሞና ላይ ናቸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ይምጡ በያቸው» አሉኝ።

ወዲያው ገባኝ። ይኼን ሁሉ ልጅ ትተው እኔን የመረጡት እግሬ ደረቅ ስለሆነ ነው! እግረ ደረቅ ባለበት ሰው አይመጣም፤ ከእኔ የተሻለ ዘበኛ ከየት ይገኛል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ ለቁም ነገር ተፈለገ። ኮራሁ። ሁለቱን እግሮቼን ዘርግቼ፣ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ፣ ድርቀቱ በደንብ እንዲሠራ ወደ መንገዱ አቅጣጫ አዞርኳቸው።

ደግሞም ሠራ። የመጀመሪያው ሳምንት አንድም ሰው አልመጣም። የመንደሩ ጿሚ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ያልጾመው ፀሐይ ሸሽቶ ተኝቷል፣ ግን ይኼ ምክንያት ትዝም አላለኝ። አንድ ቀን ብቻ ከውስጥ ምንም ድምፅ ሲጠፋብኝ ፈራሁና በበሩ ቀዳዳ አየሁ። እትዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ምን ሲጠብቁ ነው?»

«እግዚአብሔርን ነዋ።»

«ታዲያ ገመዱን ነቅለው?»

ሳቁ። ጥርሳቸው ብዙ ስላልነበረ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። «እሱ ሲጠራኝ እኔ ሠላሳ ዓመት ስልክ ላይ ነበርኩ» አሉ።

ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጋሼ ሰይድ የመንደራችን ባለ ሱቅ ነበሩ፤ የወሎ ሰው ናቸው። በስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ብቅ አሉ። «እመቤት፣ እትዬ አሉ? ወንድሜ ከደሴ እደውላለሁ ብሎኝ ነበር።» ጽሞና ላይ ናቸው አልኳቸው። «እህ፣ እንግዲያ ዱዓቸውን አንረብሽም» ብለው አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ኪሳቸውን ዳብሰው አንድ ደስታ ከረሜላ ሰጡኝ። እሳቸው መሄዳቸውን ስጠብቅ ሌላ ሴት መጣች። በማግስቱ ሦስት ሰው። እግሬን አየሁት፤ ያው ነው፣ አቧራ ለብሷል፣ ግን ሥራውን አቁሟል። ሌሊቱን ተጨንቄ አደርኩ።

በነጋታው እትዬ ከጽሞናው በኋላ እህል ሊቀምሱ የተልባ ፍትፍታቸውን ይዘው ሲቀመጡ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ሌላ ዘበኛ ይፈልጉ መሰለኝ።»

«ምነው? ሰለቸሽ?»

«አይ። ሰው መምጣት ጀመረ። እግሬ ሳይረጥብ አልቀረም።»

የጎረሱትን እንኳ ሳይውጡ አዩኝ። እኔም የተበላሸ ዕቃ እንደሚያስረዳ ሠራተኛ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። የአባቴን ሥራ፣ የወንድሜን ሞት፣ አክስቴ ያለችውን፣ እሳቸውም ለዚሁ ብለው በር ላይ እንዳስቀመጡኝ።

«እኔ? እኔማ አንቺን ያስቀመጥኩሽ ጸጥተኛ ስለሆንሽ ነው። ሌላውን ልጅ ባስቀምጥ ኳሱን ከበሩ ጋር ሲያላትም ይውላል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናትሽ ጋ የማትገቢውም ለዚህ ነው?»

እስከዚያ ድረስ ደህና ነበርኩ። ያን ሲሉኝ ግን ልቅሶ መጣብኝና ጉልበታቸው ላይ፣ ያ የሚያማቸው ጉልበት ላይ፣ ተደፋሁ። አላስነሱኝም።

«ለእናትሽ ራስሽ ትነግሪያታለሽ» አሉኝ በኋላ። «እኔ አልነግራትም። ኦፕሬተር የሰማውን አያወራም። ነገ ግን ደጅ አትቀመጪም፣ ከእኔ ጋር ውስጥ ትቀመጫለሽ።»

«ማን ይጠብቃል?»

«የመጣ ይምጣ።»

ጽሞና እንዲህ ከባድ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እትዬ የሰጡኝ መመሪያ አጭር ነው። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ «አቤቱ፣ አለሁ» በይ፣ ከዚያ ዝም በይ። ያ የእግረ ደረቅ ሐሳብ ሲመጣብሽ አትጨቃጨቂው፣ አታባሪው፤ «አቤቱ፣ ይኼ ያንተ ቃል ነው?» ብለሽ ጠይቂና ተይው። እኔ «አቤቱ፣ አለሁ» እላለሁ፣ ወዲያው አፍንጫዬን ይበላኛል። መዶሻው ኳ ኳ ይላል። ዝንብ እጄ ላይ ትሄዳለች። አክስቴ የገዛችልኝ ጫማ ትዝ ይለኛል። ሁለት ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ እትዬ አልቀሰቀሱኝም። «ታዲያ ዕረፍት አይደል?» አሉ ሳፍር።

የመጻጉዕ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ ስለኖረው ሰውዬ ተሰበከ። ወደ ውሃው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ማለቱን ስሰማ ገባኝ፤ እሱም እንደኔ ነው፣ ሰው ሸሽቶት ነው። ስንወጣ «እትዬ፣ ሰውየውን እግረ ደረቅ ያለው ማን ነበር?» አልኳቸው።

ቆም ብለው አሰቡበት። «ማንም ይበለው። ጌታ ያንን አልጠየቀውም፤ መዳን ትፈልጋለህ ወይ ብቻ ነው ያለው።» ጥቂት ከሄድን በኋላ «እኔም ብሆን ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል።

ከዚያ እሑድ በኋላ አንድ ቀን፣ ስንተኛው እንደሆነ አላስታውስም፣ ያ ነገር እንደተለመደው መጣ። «ልጅቷ እግረ ደረቅ ናት።» እኔም እንደታዘዝኩት «አቤቱ፣ ይኼ ያንተ ቃል ነው?» አልኩ። ሌላ ነገር አልሆነም። ብርሃን አልታየኝም፣ ማንም አልጠራኝም። ግን ዝም ብዬ ስሰማው ድምፁን አወቅኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በእግዚአብሔር ስም ሲነግረኝ የነበረው ድምፅ የአክስቴ ጥሩወርቅ ነው፤ «ይኸው» ስትል እንኳ እንደ ልማዷ ጎተት ታደርገዋለች።

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አልጠበቅኩም። «እትዬ! ድምፁ የአክስቴ ነው!»

እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። «የእኔ ሥራ ምን ይመስልሻል? አንዱ ከሚኒስትር ቢሮ ነው የምደውለው ብሎ ይቆጣኛል፤ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ የሰፈር ጎረምሳ ነው። ማን እንደሚናገር ሳትለዪ መስመር አትስጪ።»

ያን ቀን ሮጬ እናቴ ጋ ገባሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልገባሁም። ድምፁ የአክስቴ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ግን አክስቴ ልክ ብትሆንስ? ጓዳው በር ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። እናቴ ከውስጥ «ማነው?» ትላለች፣ እኔ አልመልስም። እንዲህ ሆኜ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየሁ።

በኒቆዲሞስ ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ እኔና እትዬ ተቀምጠን ሳለ የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ፣ ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ተደግፎት ጮኸ። ብቅ ስል እናቴ ናት። አንድ እጇ በሩን፣ አንድ እጇ ወገቧን ይዟል። ቀሚሷ ከታች ርሷል። «እትዬ አስካለን ጥሪልኝ» አለችኝ። ቀኑ ገና ነበር፤ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀራል።

እትዬ ትራሱን ወረወሩ፣ ገመዱን ሰኩ፣ ሌላ ሰፈር ያለ ባለ ታክሲ ቤት መደወል ጀመሩ። እኔ ደፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በእኔና በእናቴ መካከል አምስት እርምጃ ቢሆን ነው።

«እመቤት፣ ያዣት!» አሉኝ እትዬ።

«እትዬ፣ ቢሞትስ?»

የስልኩን መናገሪያ በመዳፋቸው ከደኑት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ኮስተር ብለው አላየኋቸውም። «ስሚ። ሊሞት ይችላል፤ ሕፃን ይሞታል። ቢኖርም ባይኖርም በአንቺ እግር አይደለም። ይህን ማወቅ ያለብሽ አሁን ነው። በደህና ከተወለደ በኋላ ብታምኚኝ ዕድልሽን አይተሽ ነው እንጂ አምነሽ አይደለም። ሂጂ!»

ሄድኩ። አልደፈርኩም ነበር፤ እየፈራሁ፣ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። እናቴ ክንዷን ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ከባድ ነበረች። ላቧና የልብስ ሳሙናዋ ሸተተኝ። ምጥ ሲመጣ ትከሻዬን ትጨምቀዋለች፣ ሲለቃት «አይዞሽ» ትለኛለች፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና እንጃ። ታክሲው ሲመጣ ጋሼ ሰይድ ከሱቃቸው ሮጠው በሩን ከፈቱልን።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ እኔና እትዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከሰዓት በላይ ቆየን። እትዬ ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ፤ ልምዱ ነበረን። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት አክስቴ ጥሩወርቅ ሳህን በፎጣ ጠቅልላ እያለከለከች ደረሰች። ወዲያው ነርሷ ወጥታ «ሴት ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ደህና ናት። አንድ ሰው ብቻ ይግባ» አለች።

ተነሣሁ። አክስቴ ትከሻዬን ያዘችኝ። «አንቺ ቆይ የኔ ቆንጆ፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው ይግባላት፣ አንቺ ኋላ ትገቢያለሽ።» የተናገረችው በፍቅር ነበር፣ እጇም ለስላሳ ነበር።

«አክስቴ፣ አንቺ ነሽ ያልሽው። እግዚአብሔር አላለም» አልኳት።

ምን እንዳልኩ የገባት ቀስ ብሎ ነው። እትዬን አየቻቸው፣ እትዬ የኮሪደሩን ጣሪያ ያያሉ። እጇ ከትከሻዬ ላይ ወረደ።

እናቴ በጀርባዋ ተኝታለች፣ አጠገቧ አንድ የተጠቀለለ ነገር አለ። አየችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«መጣሽ? ታረቅሽኝ?»

«መቼ ተጣላን?»

«ሁለት ወር ሙሉ ሸሽተሽኝ! ሌላ ልጅ ልወልድ ስለሆነ ጠላችኝ ብዬ፣ ምን ብዬ ላባብላት እያልኩ…» አልጨረሰችውም።

እኔ ከእግሬ ስጠብቃት እሷ የተጠላች መስሏት ኖሯል። ሁሉንም ሳልተነፍስ ነገርኳት፤ እግሬን፣ ወንድሜን፣ ከአጥሩ ጀርባ የሰማሁትን። እናቴ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ። አወለቅኩ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። «ነይ፣ ግቢ።»

አልጋው ላይ ወጣሁ። እግሬ አቧራማ ነበር፣ ቀዝቅዞም ነበር፤ ላርቀው ብል በእጇ ጎትታ ወደ ራሷ አስጠጋችው፣ ሕፃኗ ከተኛችበት በኩል፣ ሙቀቱ ካለበት። ቀና ስል አክስቴ ሳህኗን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች፣ ልግባ አልግባ እያለች። ፊቷ ላይ የነበረው እፍረት ነው።

እናቴ አልተቆጣቻትም። «ጥሩዬ፣ አንቺም ግቢና በሩን ዝጊው» አለቻት። «ልጆቼን ብርድ እንዳይመታብኝ።»